የኔ የትኛዋ ናት? ከትንንሽ ልጆች ጋር በኮላና በወረቀት እንዴት እንሥራ

መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት፣ ትምህርት ተከፍቶ መስቀል ሲቃረብ፣ ሌሊቱን ሙሉ አደይ አበባ ስቆርጥ አደርኩ። 32 አበባ። ቅጠሉ እኩል፣ ቢጫው አንድ ዓይነት፣ መሐሉ ላይ ያለችው ክብ እንኳ በሳንቲም ተለክታ የወጣች። በማግስቱ ለልጆቹ የቀራቸው ሥራ እኔ በእርሳስ ምልክት ያደረግኩበት ቦታ ላይ ኮላ ነካ አድርጎ መለጠፍ ነበር። አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ግድግዳው አማረ። ወላጆች ሲመጡ ፎቶ አነሱ፤ እኔም ኩራት ኩራት አለኝ።

ከዚያ አንዲት የአራት ዓመት ልጅ እናቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጎተተች መጣች። ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ዞር ብላ «ቲቸር፣ የኔ የትኛዋ ናት?» አለችኝ።

እኔም አላወቅኩም።

ኮላና ወረቀት ልጅን ያስተምራል ሲባል እውነት ነው። የሚያስተምረው ግን ልጁ ራሱ ሲቀድ፣ ራሱ ሲቀባ፣ ራሱ ሲያበላሽ ነው። በዚያች ሌሊት መቀስ የለመድኩት እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም። ከዚህ በታች ያለው ከዚያ በኋላ እየወደቅኩ እየተነሳሁ የያዝኩት አሠራር ነው። ለቤትም ለክፍልም ይሆናል። ዕድሜው ከሁለት እስከ ስድስት ነው። ወጪው ከአንድ ብርጭቆ ዱቄት ብዙም አይዘልም።

ምኑ ነው የሚያስተምረው?

ነገሩ ከእጅ ይጀምራል። ልጅ ጋዜጣ ሲቀድ አስተውሉት። በሁለቱም እጆቹ ወረቀቱን ቆንጥጦ ይይዛል፤ ከዚያ አንዱ እጅ ወደ ራሱ ይመጣል፣ ሌላው ወደ ፊት ይሄዳል። ሁለቱ እጆች በአንድ ጊዜ የተለያየ ሥራ ሠሩ ማለት ነው። ቁልፍ መቆለፍ፣ ጫማ ማሰር፣ ብርቱካን መላጥ፣ በአንድ እጅ ደብተር ይዞ በሌላው መጻፍ፣ ሁሉም የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ምስር የምታክል ነገር አንስቶ ጠብታ ኮላ ላይ ማስቀመጥ ደግሞ እርሳስ የሚይዙትን ጣቶች ያበረታል። ወላጆች «ሲለጥፍ ብቻ ይውላል፣ መጻፍ መቼ ነው የሚጀምረው?» ሲሉኝ «ጀምሯል እኮ» እላቸዋለሁ።

ከእጅ ቀጥሎ ሐሳብ አለ። መጀመሪያ ትንሹን ወረቀት ለጥፎ ትልቁን ከላዩ የደረበ ልጅ ትንሹ ይጠፋበታል። ይናደዳል። አንዳንዱ ያለቅሳል። በሚቀጥለው ቀን ማንም ሳይነግረው ትልቁን ያስቀድማል። ይህን በቃል ብታስረዱት አንድ ሳምንት ይፈጃል።

ኮላው ራሱም ያስተምራል። ነጩ ኮላ ሲቀባ ነጭ ነው፤ ሲደርቅ ብርጭቆ ይመስላል። «የት ሄደ?» ብሎ ያልጠየቀኝ ልጅ አላስታውስም። እጁ ላይ የደረቀውን እንደ ቆዳ ሲልጠው ደግሞ የሚሰማው ደስታ ከሥዕሉ ይበልጣል። ተዉት ይላጥ፤ እሱም የጣት ሥራ ነው።

ስሙን በተመለከተ፣ የተለያየ ነገር እየለጠፉ ሥዕል መሥራት ኮላጅ ይባላል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ነው፤ መለጠፍ ማለት ነው። እኛ ኮላ የምንለውም ከጣልያንኛ የመጣ ዘመዱ ነው። ሠዓሊዎቹ ፒካሶና ብራክ በ1912 እ.ኤ.አ. ሥዕላቸው ላይ ወረቀት መለጠፍ ሲጀምሩ ትልቅ ነገር ተባለ። ሌላው ሠዓሊ ማቲስም ካረጀና ከታመመ በኋላ ብሩሹን ትቶ ባለቀለም ወረቀት በመቀስ ሲቆርጥ ኖሯል። እንግዲህ ልጃችሁ ጋዜጣ ቀዶ ወለሉ ላይ ቢበትን ብቻውን አይደለም።

ኮላውን መምረጥ

ሱቅ ያለው ኮላ ሁሉ ለልጅ አይሆንም። ማስቲሽ በጭራሽ። ሽታው ራሱ ይጎዳል። ሱፐር ግሉም እንዲሁ፤ ጣትን ከጣት በሰከንድ ያጣብቃል። ነጩ ፈሳሽ ኮላ መርዛማ አለመሆኑ ማሸጊያው ላይ ተጽፎ ከሆነ ጥሩ ነው፤ በተለይ ጨርቅ፣ ባቄላና የእንቁላል ቅርፊት ለመሰለ ከበድ ያለ ነገር። በጣት የሚሽከረከረው ስቲክ ኮላ ለወረቀት ብቻ ይሆናል። እሱንም ቢሆን ለልጅ ከመስጠታችሁ በፊት ትንሽ ብቻ አውጡት። አለበለዚያ እስከ መጨረሻው ያዞሩትና ከወገቡ ይሰብሩታል፤ ከዚያ ለቅሶ ነው።

እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምጠቀመው የዱቄት ኮላ ነው። አዲስ ነገር አይደለም። ድሮ የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣው በምን ይለጠፍ እንደነበር አያቶቻችሁን ጠይቋቸው። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦

1. አንድ የሻይ ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጡ። እንዳይጓጉል ውኃውን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ይህን ልጁ ይሥራው።

2. ሁለት ብርጭቆ ውኃ በድስት አፍሉ። ከዚህ ጀምሮ ልጁ ራቅ ብሎ ይመልከት።

3. እሳቱን ቀንሱና የበጠበጣችሁትን እያማሰላችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት።

4. ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ሳታቋርጡ አማስሉ። እንደ አጥሚት ወፈር ብሎ ትንሽ ሲያንጸባርቅ ደርሷል። ገንፎ ከሆነ አልፎባችኋል፤ የሞቀ ውኃ ጠብ አድርጉበት።

5. አውርዳችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ለልጅ አይሰጥም። ሲቀዘቅዝ ይበልጥ ስለሚወፍር አሁን ቀጠን ማለቱ አያሳስባችሁ።

ማብሰሉን አትዝለሉት። ጥሬ ዱቄት ጀርም ሊኖረው ይችላል፤ ልጅ ደግሞ ጣቱን መላሱ አይቀርም። ሳይበስል የተበጠበጠ ዱቄትም ሲደርቅ እየተፈረፈረ ይወድቃል። ጨው የጨመርንበት ቶሎ እንዳይበላሽ ነው፤ አንዴ የቀመሰ ልጅም ሁለተኛ አይደግምም። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አንድ ሳምንት ይቆያል። ፍሪጅ ከሌለ ግን ለሁለት ቀን የሚበቃ ብቻ ሥሩ። ኮምጠጥ ያለ ሽታ ካመጣ ድፉት። ስንዴ የማይስማማው ልጅ ካለ ይህን ተዉና ነጩን ኮላ ግዙ።

የሚለጠፈው ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት የሚያጣላው ይህ ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት የልጆች ኮላጅ በምስር፣ በሩዝ፣ በመኮሮኒ የተሞላ ነው። እኛ ቤት ደግሞ «በእህል መጫወት ነውር ነው» የሚሉ አያት አሉ። አትከራከሯቸው። እውነታቸውን ነው። አንዴ አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ በክክ ሥዕል አሠርቼ ስጨርስ፣ የጽዳት ሠራተኛችን ወለሉን እየጠረጉ «ይሄ እኮ የአንድ ቤት ምሳ ነበር» አሉኝ። ምንም መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ከወጥ ቤት የምወስደው ሊጣል የነበረውን ብቻ ነው።

ሊጣል የነበረው ደግሞ ይበልጥ ያምራል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሲደርቅ እንደ ሐር ያንጸባርቃል፤ ለጀንበር መጥለቂያ ከዚያ የተሻለ ቀለም አላገኘሁም። የነጭ ሽንኩርት ገለፈት ደመና ይሆናል። የተፈላ ሻይ ቅጠል ደርቆ አፈር ይሆናል። ተቆልቶ ሳይፈነዳ የቀረ ፈንድሻ፣ የቡና ገለፈት፣ ነቀዝ የጨረሰው ባቄላ አለ። ባቄላው በደንብ ፀሐይ ይምታው፤ አለበለዚያ ሥዕሉ በራሱ መራመድ ይጀምራል። የእንቁላል ቅርፊት አሥር ደቂቃ ቀቅላችሁና አድርቃችሁ ብቻ ተጠቀሙ። ዳቦ የተጋገረበት ኮባ ደረቅ ደረቁ ለጎጆ ክዳን አንደኛ ነው። ከበዓል በኋላ የሚጠረገው ቄጠማም ሳርና የአበባ ዘንግ ይሆናል።

ከወጥ ቤት ውጪ ደግሞ የአምና ካላንደር አለ፤ ወረቀቱ ወፍራም፣ ቀለሙ ብዙ ነው። ጋዜጣ፣ የብስኩት ካርቶን፣ የከረሜላ ወረቀት። ሰፈር ያለ ልብስ ሰፊን ቁርጥራጭ ጨርቅ ብትጠይቁት አንድ ፌስታል ሙሉ ይሰጣችኋል፤ ለእሱ ቆሻሻ ነው። መደብ የሚሆነው ግን ካርቶን ይሁን። ስስ ወረቀት ኮላ ሲነካው ይጎብጣል፣ ባቄላም አይሸከምም።

አሁን የማልደራደርበት ነገር። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባቄላ፣ ቁልፍ፣ ዶቃ የሚባል ነገር ጠረጴዛው ላይ አይውጣ። ቀላል መለኪያ አለ፤ በሶፍት ጥቅል ካርቶን ቀዳዳ ማለፍ የሚችል ነገር ጉሮሮው ሊገባ ይችላል። ትልቁም ልጅ ቢሆን አፍንጫው ውስጥ ባቄላ የሚከትበት ቀን ይመጣል። ያኔ በጥፍርም በክብሪት እንጨትም አትጎርጉሩ፤ ይበልጥ ይገባል፣ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ያብጣል። በቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

ቦታውን ማዘጋጀት

ወለል ላይ ላስቲክ ወይም ጋዜጣ አንጥፉ። የአባቱን አሮጌ ቲሸርት አልብሱት። አንድ እርጥብ ጨርቅ አጠገቡ ይኑር፤ እጁን ለማስታጠብ በየደቂቃው መነሳት ሥራውን ይገድለዋል። ኮላውን ከነጠርሙሱ አትስጡ። ለእያንዳንዱ ልጅ በአንድ የውኃ ጠርሙስ ክዳን ቅዱለት። ሲያልቅ ይጨመርለታል። ይህች ክዳን ግማሹን ጥል አስቀርታልኛለች፤ ቀሪው ጥል በቢጫ ወረቀት ነው። መቀቢያው ጣት ነው። ጣቱን ማቆሸሽ የማይወድ ልጅ አለ፤ እሱን አታስገድዱት። የጆሮ ኩክ መጥረጊያ ወይም ጫፉ ላይ ጨርቅ የተጠቀለለ እንጨት ስጡት። አብዛኛው ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ራሱ ጣቱን ይነክራል።

ጊዜውን አታራዝሙት። የሦስት ዓመት ልጅ አሥር ደቂቃ ከሠራ ሠርቷል። ተነስቶ ከሄደ ተከትላችሁ «ጨርስ እንጂ!» አትበሉት።

አሠራሩ

መጀመሪያ መቅደድ። መቀስ ገና ነው። አንድ ገጽ ጋዜጣ ስጡትና «ቅደደው» በሉት። በቃ። ብዙ ልጅ መጀመሪያ ያያችኋል፤ ቤት ውስጥ ወረቀት መቅደድ የሚያስቆጣ ነገር ነውና ፈቃድ መሆኑን ማረጋገጥ ይፈልጋል። ከዚያ አያቆምም። አራት ዓመት የሞላውን ልጅ አንድ ነገር አሳዩት። ጋዜጣ በአንድ በኩል ሲቀደድ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በሌላ በኩል ሲቀደድ ግን እየተጣመመ ያስቸግራል። ወረቀቱ ሲሠራ ጭረቶቹ ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚተኙ ነው። አትንገሩት፣ ይፈልገው። አንድ ልጅ «ይሄኛው ወረቀት በዚህ በኩል እሺ አይልም» ብሎኛል፤ ከዚያ የተሻለ ማብራሪያ እኔም የለኝም። ገና ሁለት ዓመት ለሆነው ግን ኮላም አያስፈልገውም። ሰፊ ፕላስተር የሚያጣብቀውን ፊት ወደ ውጪ አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስሩለትና የቀደደውን ይጫንበት።

ሁለተኛ የኮላው መጠን። ልጅ ሁሉ መጀመሪያ ኩሬ ይሠራል። አንድ ጊዜ ፍቀዱለት። ካርቶኑ ሲረጥብ፣ ባቄላው ሲዋኝ፣ በማግስቱም ሳይደርቅ ሲያገኘው ራሱ ይገባዋል። በሚቀጥለው ቀን «ዛሬ ለአንድ ባቄላ አንድ ነጥብ» በሉት። ነጥብ፣ ባቄላ። ነጥብ፣ ባቄላ። አንድ ለአንድ ማዛመድ የሚባለው የቁጥር መሠረት ይኸው ነው፤ ልጁ ግን እየቆጠረ መሆኑን አያውቅም። ሌላው የሚቸገሩበት የትኛውን ፊት መቀባት እንዳለባቸው ነው። ትንንሾቹ የሚያምረውን ፊት ቀብተው፣ ገልብጠው ይለጥፉና ቢጫው ጠፋብኝ ብለው ያለቅሳሉ። ለእነሱ ኮላው መደቡ ላይ ይቀባ፤ ወረቀቱ ከላይ ይቀመጥ። ከአራት ዓመት በኋላ ወረቀቱን ገልብጦ ከመሐል ወደ ዳር መቀባት ይችላሉ።

ሦስተኛ መቀስ። ጫፉ ድቡልቡል የሆነ የልጅ መቀስ ይሁን፤ ግን ይቁረጥ። የማይቆርጥ መቀስ ልጅን ከስለት በላይ ያማርረዋል። በሦስት ዓመት አካባቢ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቀጭን ወረቀት ስጡት፤ አንዴ ጨበጥ ሲያደርግ የሚቆረጥ ማለት ነው። ቀጥ ያለ መስመር በኋላ ይመጣል፤ ክብ ደግሞ ከዚያም በኋላ። አውራ ጣት ሁልጊዜ ወደ ላይ። «አውራ ጣትህ ሰማይ ይይ» እላቸዋለሁ። ክብ ሲቆርጡ የሚዞረው ወረቀቱ እንጂ መቀሱ አይደለም፤ ይህን አንዴ በራሳችሁ እጅ ሞክሩት፣ ይገባችኋል። ግራኝ ልጅን ደግሞ ወደ ቀኝ አትቀይሩት። ሱቅ ያለው መቀስ አብዛኛው ለቀኝ እጅ የተሠራ ስለሆነ የሚቆርጥበትን መስመር ይጋርደዋል፤ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። የግራ መቀስ እስኪገኝ ይቅደድ።

ከዚህ በኋላ ምን ይሥሩ? ከብዙው ውስጥ ደጋግሜ የምመለስባቸው ሦስት ናቸው።

አደይ አበባ። የኔ የጥፋት ሥራ፣ ግን በትክክል ሲሠራ። መጀመሪያ እውነተኛ አበባ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። ያሽትቱት፣ ቅጠሉን ይቁጠሩ፣ መሐሉን ይንኩ። ከዚያ ቢጫ ወረቀት ይቅደዱ። ስንት ቅጠል እንደሚለጥፉ አትወስኑላቸው። ዘንጉ ቄጠማ፣ አፈሩ ሻይ ቅጠል ይሁን። እናንተ አንድም አትቁረጡ፤ ናሙናም ሠርታችሁ አትስቀሉ። ናሙና ካዩ ሁሉም እሱን ነው የሚሠሩት። ለእንቁጣጣሽ ልጆች ለጎረቤት የሚሰጡት ሥዕልም እንዲህ ቢሠራ ደስ ይላል። አሁን አሁን ፎቶኮፒ የተደረገውን ቀለም ቀብቶ መስጠት እየተለመደ ነው፤ እኔ አልወደውም። የተንጋደደ አበባ ይዞ በር ላይ የቆመ ልጅ ሳንቲሙን ሠርቶ ነው ያገኘው።

ጥለት። የአገር ልብስ ጥለት አሳዩአቸውና በጣታቸው ይከተሉት። ረጅም ካርቶን ላይ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ ጀምሩላቸውና «ቀጥሎ ማን ይመጣል?» በሉ። ሲለምዱ ሁለት ቀይ አንድ አረንጓዴ አድርጉት። ከዚያ ሆን ብላችሁ አሳስቱ። ሽማኔው እንቅልፍ ወሰደው በሏቸው፤ የተሳሳተውን ሲያገኙ የሚሰማውን ጩኸት ጎረቤት ይሰማዋል። ይህ ከአራት ዓመት በላይ ላሉት ነው።

ሦስተኛው ፊደል ነው፤ የምወደው እሱን ነው። ከአምስት ዓመት ጀምሮ ይሆናል። የካርቶን ቁራጭ ሦስት፣ አንዱ ጣሪያ፣ ሁለቱ እግር። ሲለጠፍ «በ» ሆነ። አሁን ሌላ «በ» ሠርታችሁ በቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ትንሽ ቁራጭ ጨምሩ፤ «ቡ» ሆነች። ቁራጯ ወደ እግሯ ጫፍ ስትወርድ «ቢ»። የግራ እግሯን ቀነጠብ ስታደርጉት «ባ»። በቀኝ እግሯ ጫፍ ላይ ቀለበት ሲለጠፍ «ቤ»። በግራ በኩል ቁራጭ ሲወጣላት «ብ»። ቀኝ እግሯ ሲያጥር «ቦ»። ልጁ ሰባት ፊደል በቃሉ ሸምድዶ አልያዘም፤ አንዲት «በ» ስትለብስና ስትቆረጥ በእጁ አይቷል። ከዚያ «ከ»ን ስጡት። «ካ» እንዴት ትሠራ ይመስልሃል ስትሉት የግራ እግሯን ይቆርጣል። «ላ»ም፣ «ሳ»ም እንዲሁ። እነ «ረ» እና «መ» ሲመጡ ሕጉ ይፈርሳል፤ ያኔ «ይቺ ደግሞ አመለኛ ናት» ተባብሎ መሳቅ ነው። የተለጠፈው ሲደርቅ ዐይኑን ጨፍኖ በጣቱ እየዳሰሰ ይገምት።

እየሠራ ሳለ ምን እንበለው?

ትንሽ። «ይሄ ምንድን ነው?» አትበሉት። ልጁ ገና ምን እንደሆነ ላይወስን ይችላል፤ ጥያቄው ግን መልስ እንዲፈጥር ያስገድደዋል። «እስቲ ንገረኝ» ይበቃል። «ጎበዝ! ያምራል!» የሚለውም ቶሎ ያልቃል። ይልቅ ያያችሁትን ተናገሩ፤ «ሻካራውን ከለስላሳው አጠገብ አደረግሽው»፣ «ይሄ ከሥሩ ምን ተደብቋል?» ሻካራ፣ ለስላሳ፣ ሙልጭልጭ፣ ሾጣጣ፣ ከላይ፣ ከሥር፣ አጠገብ፣ መሐል፤ እነዚህን ቃላት ልጅ በደብተር አይማራቸውም፣ በእጁ ሲይዛቸው ነው።

ውጭ አገር ልጅ የምታሳድጉ ይህቺን ልብ በሉልኝ። ልጁ አማርኛ ይሰማል፣ ግን በቤቱ ቋንቋ የሚሠራው ነገር አያገኝም። በየሳምንቱ በር ላይ የሚመጣውን የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ አንሱና «ገበያ» ሥሩበት። ፎቶውን ይቁረጥ። እናንተ «ሽንኩርቱን ከቲማቲሙ በስተግራ»፣ «ዶሮዋን ከቅርጫቱ ውስጥ» በሉ። ቲማቲሙን በእንግሊዝኛም በዕብራይስጥም ቢጠራው አታርሙት፤ እናንተ በአማርኛ ደግማችሁ ቀጥሉ። ከዚያ ሻጭ ይሁን፣ ተከራከሩት። ዋጋ ሲያስወድድ ያኔ ቋንቋው ገብቶታል።

ከተለጠፈ በኋላ

አድርቁት። የዱቄት ኮላ እንደ ውፍረቱ እስከ ማግስት ይፈጃል፤ ጠፍጣፋ ቦታ ይተኛ፣ ቶሎ ከተሰቀለ ባቄላው አንድ በአንድ ይረግፋል። ልጁ በየአምስት ደቂቃው እየመጣ ይነካዋል። መጠበቅ መማር ከባድ ነው፤ ስለዚህ ቦታ አሳዩት፣ «ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ እሱን እናየዋለን» በሉትና ቃላችሁን ጠብቁ።

ስሙን ከጀርባው ጻፉ፣ ቀኑንም። ስቀሉት፣ ግን በእናንተ ሳይሆን በእሱ ቁመት። ጠማማውን አታቃኑ፣ የወደቀውን እሱ ሳያይ አትለጥፉ። የዱቄት ኮላ ጉንዳንና በረሮ ይጠራል፣ አንዳንዴም አይጥ፤ ከሁለት ሳምንት በላይ ግድግዳ ላይ አይቆይ። ይህን ስትነግሩት «አይጣልም!» ብሎ ማልቀሱ አይቀርም። እኛ ጋ መፍትሔው እንዲህ ነው፤ ሥዕሉን ፎቶ እናነሳለን፣ ከዚያ የደረቀውን ካርቶን ከነልጣጩ ከፊቱ እናስቀምጥና መቀሱን እንሰጠዋለን። የቀድሞው አበባ ለአዲሱ ጎጆ ጣሪያ ይሆናል። መጀመሪያ ጥግ ጥጉን ፈራ ተባ እያለ ይቆርጣል። ትንሽ ቆይቶ የኮላ ክዳኑን ይዞ ይመጣል፤ «ቲቸር፣ ኮላ ጨምሪልኝ።»